ጳጉሜ አራት ቀን፣ ወንዙ መሃል

የጎርፍ ውሃ የራሱ ሽታ አለው። አዲስ የታረሰ መሬት ይሸታል፤ እላዩ ላይ የበሰበሰ ቅጠል ጨምሩበት። አሁን የምኖረው አሶሳ ከተማ ነው። ከቤቴ ፊት ያለው ቦይ ክረምት ላይ ሲሞላ ያ ሽታ በበሩ ስር ሾልኮ ይገባል። ያን ጊዜ የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጬ ወደ በሩ እዞራለሁ። ትንሹ ልጄ፣ አሁን እንኳ ጢም አብቅሏል፣ "ደግሞ ጀመራት" ይላል።

ያኔም ቀድሞ የነገረኝ አፍንጫዬ ነው። ወንዝ መሃል ቆሜያለሁ። ትንሹ በጀርባዬ ታዝሏል። መካከለኛው ወንድ ልጄ ከኋላዬ ነው፣ ትልቋ ሴት ልጄ ደግሞ ከእሱ ኋላ። ወገባችንን በአንድ መቀነት ተያይዘናል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይዋ አናቴን ታቃጥለኛለች። ውሃው ጉልበቴ ድረስ ነው፤ ከስሩ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይታያል። ሽታው ሲመጣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እግሬ የለም። ጠጠሩም የለም። ውሃው ሻይ በወተት መስሏል። አንድ የቀርከሃ ቅጠል አለፈ፤ ቀጥሎ ሦስት አራት ሆነው አለፉ፤ ቀጥሎ አረፋ መጣ።

"እማዬ፣ ውሃው ከበደኝ" አለች ትልቋ ከኋላ።

ጳጉሜ አራት ቀን ነበር። ልጆቼን ለትምህርት ልመልስ እየተሻገርኩ ነበር።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ እሱም ከወለድኩ በኋላ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሱኝ።

የመጣነው በሰፈራ ነው፣ ከወሎ፣ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ። መንደራችን እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የሚጠራው። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ነው፣ የበቆሎ ማሳችን ከወንዙ ወዲያ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝንጀሮና ከርከሮ ደግሞ ያኔ ነው ሥራ የሚጀምሩት። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ቤታችንን ዘግተን፣ ልጆቹን ይዘን፣ ማሳው ዳር በቀርከሃ የሠራናት ጎጆ ውስጥ እንገባለን። ጳጉሜ ሲሆን ልጆቹን ይዤ እመለሳለሁ፤ አባታቸው በቆሎው እስኪሰበሰብ ብቻውን ይቀራል። በየዓመቱ እንዲህ ነበር።

ያቺን ጎጆ ብታዩአት ምንም አትመስልም። ሲዘንብ ታፈሳለች። ቁንጫ አላት። ግን ሁላችንም አንድ ሰሌን ላይ ነበር የምንተኛው፣ የጠፋ ሰው የለም፣ እጄን ብዘረጋ አንዱን አገኛለሁ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ በቆሎው ውስጥ ይገባል፤ ልጆቹ ሲሮጡ ከደረታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ። ትልቋ ማማው ላይ ወጥታ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ትደበድባለች። መካከለኛው ወንጭፉን ያጮሃል። የምናነደው ቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃ ደግሞ ሲነድ አንጓው ይፈነዳል። ጧ ባለ ቁጥር ትንሹ ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። እሸት በቆሎውን አባታቸው ከነልባሱ ፍሙ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሲወጣ እንፋሎቱ ጣፋጭ ነገር ይሸታል። እንዲህ ያለ ሽታ አሶሳ ገበያ የለም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

በመንደራችን በኩል፣ ከወንዙ ዳር፣ አንዲት የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ እናት፣ ይኖሩ ነበር። ልጆቼ "እማማ" ነበር የሚሏቸው። ክረምት ላይ የቀርከሃ ቡቃያ ይለቅማሉ። ልጠው፣ ከትፈው፣ ደጋግመው ቀቅለው መራራውን ካወጡለት በኋላ ይበላል። ለእኛም መጀመሪያ ያመጡልን ቀን አባታቸው ጎጆዋን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

"ግድግዳችን ቀርከሃ፣ ጣሪያችን ቀርከሃ፣ አልጋችን ቀርከሃ። አሁን ደግሞ ቤታችንን ልንበላ ነው?" አለ።

እማማ ቀልዱ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እንጃ፣ "ብላ፣ ብላ። ቤት ሌላ ይበቅላል" አሉት።

ያ ክረምት ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የመንደራችን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ትልቋ አራተኛን ጨርሳለች፤ አምስተኛን አሶሳ አክስቷ ቤት ሆና ልትማር ነው። የወሰነው አባቷ ነው። እኔ አልፈለግኩም።

"ገና ዐሥር ዓመቷ ነው" አልኩት።

"አንቺ በስድስት ዓመትሽ ስንት አገር አቋርጠሽ የመጣሽ አይደለሽም?"

"እኔማ ከእናቴ ጋር ታስሬ ነው የመጣሁት።"

እውነቴን ነው። ለሰፈራ ስንጫን ሰዉ ተደበላልቆ ነበር። እናቴ መቀነቷን ፈትታ የእኔንና የወንድሜን ወገብ አስራ ከራሷ ጋር አያያዘችን። በየማረፊያው ስንት ልጅ ከእናቱ ተለየ፤ እኛ አልተለየንም። በመንደራችን የእኔ ዕድሜ ሴቶች ልጅ የምናስረው ለዚህ ነው። ገበያ ስንሄድ እናስራለን፣ ጥምቀት ስንወጣ እናስራለን፣ ወንዝ ስንሻገር እናስራለን። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። መቀነት እያለ ልጅ አይጠፋም ብለን ነው ያደግነው።

እማማ ይሄን አይወዱትም ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ደብተር ልንገዛ ተያይዘን ስንሻገር አዩን።

"ልጅ ፍየል ነው? ለምን ታስራለህ?" አሉኝ። በእሳቸው አማርኛ ሴትም ወንድም አንድ ነው፤ ሁሉንም "አንተ" ነው የሚሉት።

"ውሃው እንዳይወስድብኝ ነው እማማ።"

"አንዱ ከሄደ ሁሉ ይሄዳል። ወላሂ፣ አታስር። እጅ ያዝ፣ ዱላ ያዝ። አታስር።"

ቀጥለው አንድ እንጨት ከውሃው ጠርዝ ላይ ተከሉና ቁጭ አሉ። ሳይሻገሩ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። ውሃው እንጨቱን አልፎ ከመጣ ከላይ ዝናብ አለ ማለት ነው፤ ያን ቀን አይሻገሩም። እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች ወንዝ ስንሻገር የምናየው ሰማዩን ነው፤ ከራሳችን በላይ ደመና ከሌለ እንገባለን። "የወለድኩትን እኔ አውቃለሁ" አልኩ በልቤ። ፊቴም ሳይናገረው አልቀረም፤ እማማ ወደ እንጨታቸው ዞሩ።

ደብተሮቹ መጡ። አባታቸው ከአንድ ግንበኛ የሲሚንቶ ከረጢት ለምኖ ነበር፤ አራግፈን፣ የውስጠኛውን ንጹሕ ወረቀት ቆርጠን ደብተሮቹን ሸፈንን። ትልቋ የራሷ ላይ ስሟን ጻፈች፣ ከስሟ ስር "አምስተኛ" ብላ ጻፈች፣ ጣቷንም ቀስ አድርጋ አስኬደችበት። ያን ክረምት እኔንም ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር። ዝናብ ሲዘጋን መሬቱ ላይ አመድ ትነሰንሳለች፣ በእንጨት ትጽፋለች፣ እኔ እላለሁ። ስሳሳት መካከለኛው ከጥግ ሆኖ "እማዬ ወድቃለች፣ ትድገም" ይላል። እሷ ትቆጣዋለች። "ተማሪዬን አትረብሽብኝ። እማዬ፣ አንቺም እሱን አትስሚው፣ እዚህ እዪ።" የማውቀውን ፊደል ግማሹን ያወቅሁት ከእሷ ነው። አሁንም ስጽፍ አንዳንዱን ፊደል የምጀምረው እሷ ከምትጀምርበት በኩል ነው።

ዩኒፎርማቸውን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ ከምንተኛበት ሰሌን ስር ዘረጋሁት። ካውያ የለንም፣ የሚተኩስልን እንቅልፋችን ነው። መካከለኛው "እማዬ፣ ሱሪዬ ላይ አትገላበጪ" እያለ ይነዘንዘኛል። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዘነበ። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ወጥተው ተጠመቁበት፤ አባታቸውም ሸሚዙን አውልቆ ተከተላቸው፣ ሲንሸራተትም በቂጡ ተቀመጠ፤ የልጆቹን ሳቅ ዝንጀሮዎቹ ሳይሰሙት አልቀሩም። ትልቋን ጠርቼ ፀጉሯን አበጠርኩላት። ሹሩባ ስሠራት አጠበቅኩት መሰለኝ።

"እማዬ፣ ያመኛል።"

"ቶሎ እንዳይፈታ ነው።"

የተሠራውን በጣቷ ዳሰሰች። ቆይታ "አክስቴ ሹሩባ ትችላለች?" አለችኝ።

"ትችላለች።"

"እንዳንቺ?"

ማበጠሪያውን ፈለግኩ። ለካ እጄ ላይ ነበር።

አባቷ ነገሩ ገብቶት ነው መሰለኝ ወሬውን ቀየረው። "አሶሳ ባጃጅ ስትሳፈሪ 'ወራጅ አለ' ማለት እንዳትረሺ። ዝም ካልሽ ሱዳን ወስዶ ነው የሚያወርድሽ" አላት።

"ሱዳን ትምህርት ቤት የለም እንዴ?" አለችው።

እስከ እንባው ሳቀ። እሱ አሁን የለም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ብቻ ነው ማሳ የጠበቅነው። ወባ ነው አሉ።

በማግስቱ አብሮን ሊሻገር ነበር። ጠዋት ግን ዝንጀሮዎቹ በማሳው የታችኛው ጥግ ገቡ። "ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ሂዱ፣ ቀን ሳይገፋባችሁ ተሻገሩ" አለ። የትልቋን ግንባር ሳማት፣ "አሶሳ የማደርስሽ እኔ ነኝ፣ ዛሬ አልተሰናበትኩሽም" አላትና ወንጭፉን ይዞ በቆሎው ውስጥ ገባ። ሲጮህባቸው እየሰማን ወረድን።

ወንዙ ዳር ስንደርስ መቀነቴን ፈታሁ። አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ መሃሉን መካከለኛው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ትልቋ ላይ። ሁለት ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ትልቋን መጨረሻ ያደረግኩት ጎበዝ ስለሆነች ነው። በራሷ ሳፋ ተሸክማለች፤ ውስጡ ደብተሩና ዩኒፎርሙ በፌስታል ተጠቅልሎ አለ። እንጨት አልተከልኩም። ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም፤ ትዝ ብሎኛል። ሰማዩን አየሁና ገባሁ።

ከወንዙ በላይ፣ ወደ ባምባሲ በኩል፣ ጎህ ሳይቀድ ዶፍ ዘንቦ ኖሯል። ያን የሰማነው ሌላ ቀን ነው።

"ውሃው ከበደኝ" ስትለኝ ገና ዞር ሳልል ድምፁ መጣ። ብዙ ከብት በደረቅ ቅጠል ላይ ሲነዳ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ውሃው ጭኔ ደረሰ፣ ወዲያው ወገቤ ደረሰ። "ቶሎ በሉ፣ ቶሎ" አልኩ። ለመውጣት ዐሥር እርምጃ አይቀረንም። ትልቋን አዳለጣት። ሳፋው ከራሷ ወርዶ፣ ሳይገለበጥ፣ እንደ ታንኳ ሄደ። እሷም መቀነቱ እስኪወጠር ድረስ ተከትላው ሄደች። መካከለኛው ወደቀ። እኔን ወገቤን ሳበኝ፤ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ጀርባዬ ላይ ያለው ትንሹ ውሃ ገባበትና ሳል አጣደፈው። መካከለኛውን ክንዱን አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ መነሳት አቃተኝ። መቀነቱ ወደ ታች ይጎትተኛል፤ የሚጎትተኝ ውሃው ብቻ አይደለም፣ ጫፉ ላይ ልጄ አለች።

እማማ ከማዶ ብቅ አሉ። ቡቃያ ሊለቅሙ ወጥተው ኖሯል። ረጅም ቀርከሃ ይዘው በዳሩ እየሮጡ፣ "ፍታ፣ ፍታ፣ ሁሉ ይሄዳል" ይላሉ።

ሰማኋቸው። እውነት መሆኑም ገባኝ። ግን እጄ አንዱም ባዶ አልነበረም፤ ባዶ ቢሆንም አልፈታም ነበር።

ወደ ልጄ ዞርኩ። በጀርባዋ ተንጋልላለች፣ ፊቷ ብቻ ከውሃው በላይ ነው፣ እኔን እያየች ነው። ሁለቱ እጆቿ አይታዩም፤ ከውሃው ስር ወገቧ ላይ ናቸው። አላለቀሰችም። ፊደል ስትጽፍልኝ እንደምታደርገው ከንፈሯን ነክሳለች።

"አትፍቺ" አልኳት። "በእናትሽ፣ አትፍቺው።"

መቀነቱ ላላ።

ለሰው ያልነገርኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሲላላ ቀለለኝ። ልጄ እየሄደች እኔ ቀለለኝ። እግሬ መሬት ያዘ፣ ጉልበቴ ተዘረጋ፣ ቆምኩ። ለአንድ እስትንፋስ ያህል ገላዬ ደስ አለው። ልቤ አይደለም ገላዬ ነው እላለሁ፤ ግን እኔ ምኑን ከምኑ ለየሁት።

ትልቋ ዛሬ ካማሺ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። መንገዱ ክፉ ነው፣ ኔትወርኩም እንደፈለገው ነው። ስትደውል ከሰላምታ በፊት "ደህና ነኝ እማዬ" ነው የምትለው፤ ፍርሃቴን ታውቀዋለች። ለትምህርት አሶሳ ከገባች ወዲህ እኔ ቤት ለበዓል እንጂ ለኑሮ ተመልሳ አታውቅም። ክረምትም ቢሆን አክስቷን ልትረዳ ትቀር ነበር። ክፉ ቃል የለንም፤ ልብስ ትልክልኛለች፣ መድኃኒቴን ትጠይቃለች። ያለፈው መስቀል መጥታ ብቻችንን ስንሆን ደፈርኩና፣

"ያን ቀን ለምን ፈታሽው?" አልኳት።

"እኔ መች ፈታሁት" አለችኝ። "ቋጠሮው ራሱ ላልቶ ነበር።" ሻሼን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ አስተካከለችልኝና ወደ ሌላ ወሬ ሄደች።

እኔ የቋጠርኩትን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የቋጠርኩት፤ ጨርቅ ደግሞ ሲርስ ይብሳል እንጂ አይላላም። የዚያኑ ዕለት እጇን ሳጥብላት የሁለት ጣቷ ጥፍር ተገንጥሎ ነበር።

ያኔ ወንዙ ውስጥ የቀረችኝን ዐሥር እርምጃ እንዴት እንደጨረስኳት አላውቅም። መካከለኛውን ጎትቼ፣ ትንሹን አዝዬ ዳር ወጣሁና ሁለቱንም ሳሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። "ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ" ብዬ በዳሩ ሮጥኩ። መቀነቱ ከወገቤ ተንጠልጥሎ ከኋላዬ ይጎተታል፤ እሾህ ይይዘዋል፤ ነጥቄው እሮጣለሁ። ወንዙ ላይ ራስ የሚመስል ነገር ሁሉ ያልፋል፣ ግንድ ነው፣ ቁጥቋጦ ነው። እሷ አይደለችም።

ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ እማማን አየኋቸው። እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተዋል። በአንድ እጃቸው የሾላ ሥር ይዘዋል፣ በሌላው ቀርከሃውን ዘርግተዋል። ቀርከሃው ጎብጧል። ከጫፉ ላይ ሁለት ትንንሽ እጆች አሉ።

እኔም ገባሁ። ቀርከሃውን ከእማማ እጅ በላይ ያዝኩት። አብረን ሳብን። ቀርከሃው ያንሸራትታል። እንደገና ሳብን። ፊቷ ወጣ፣ ትከሻዋ ወጣ፤ በክንዷ ያዝኳት፤ እማማ በቀሚሷ ያዟት። ሦስታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

ብዙ ውሃ አስመለሳት። ጀርባዋን መታሁላት። እማማ ከራሳቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አውርደው ጠቀለሏት፣ ጉያቸው ውስጥ አስገቧት። ስትንቀጠቀጥ የእሳቸውም ደረት አብሮ ይንቀጠቀጣል። እኔን አዩኝ። ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይገባኝ ነበር። "ልጅህ ጠንካራ ነው" ብቻ አሉኝ።

ልጄ መጀመሪያ ያለችው "ደብተሮቹ ሄዱ፣ እማዬ" ነው።

"ይሂዱ" አልኳት።

መካከለኛው እሺ አይልም፤ ንቅንቅ እንዳትሉ ያልኩትን ትቶ የትንሹን እጅ ይዞ እያለቀሰ መጣ። አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። የሁሉንም ራስ፣ ትከሻ፣ ጀርባ ዳሰስኩ፤ ደግሜ ዳሰስኩ። ትልቋን ስነካት ከእማማ ጉያ ቀና አላለችም። እጄን ግን አላራቀችውም። እዚያው ትከሻዋ ላይ ተውኩት።

ወንዙ ከፊታችን እየጮኸ ያልፋል። ከእሱ በላይ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

"ወጥተናል" አልኩ። "አራታችንም ወጥተናል። ደህና ነን።"